በላይነህ የጠመቀው

«እዚያ ቤት ውሃ ቢሰጡህ እንኳ እንዳትቀምስ!» አሉኝ ጋሽ መኩሪያው፣ ሚኒባሳችን የዳንግላን ጋሪዎች አልፎ ገና ፍጥነት ሲጨምር። «ጠላ ቢቀዱ አንቀምስም። ቆሎ ቢያቀርቡ አንቆረጥምም። ተቀመጡ ቢሉን እንኳ ቆመን ነው የምንናገረው። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ጋሽ መኩሪያው።»

«አልገባህም። አንተ አዲስ አበባ ያደግህ ሰው ነህ፤ ሲርብህ ትበላለህ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ግን መልሱን ሳይሰማ እህል ውሃ አይቀምስም። የቀመስን እንደሆነ ሽምግልናችን እዚያው ፈረሰ፤ እንግዳ ሆንን ማለት ነው። እንግዳ ደግሞ በልቶ አመስግኖ ይሄዳል እንጂ ልጅ አይጠይቅም።»

«እነሱ የእኛን ከቀመሱስ?»

በጉልበቶቼ መሀል ያቀፍኩትን ጠርሙስ በጎን አዩት። «እነሱ የእኛን ከቀመሱማ ምን ቀረ? ልጃቸውን ሰጡን ማለት ነው።»

ከፊታችን ወንበር የተቀመጡት ሐጂ ሰይድ ዞር ሳይሉ ሳቁ። «እኔ በበኩሌ ቃል እገባለሁ፤ ከዚያ ጠርሙስ አልቀምስም።»

*

መቅመስ የሚባለውን ነገር አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ከመጠጣት ያንሳል፣ ከማየት ይበልጣል። ጠላ የምትቀዳ ሴት ለእንግዳው ከመስጠቷ በፊት ጠብ አድርጋ በመዳፏ ፉት ትላለች። ጣዕሙን ፈልጋ አይደለም፤ ጣዕሙንማ ከጠነሰሰችበት ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። «እኔ ያልደፈርኩትን አንተ አትጠጣም» ማለቷ ነው። የታመመ ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ «እህል ቀመሰ?» እንላለን፤ ቀመሰ ካሉን ተስፋ አለ። የተቀያየምነው ሰው ቤት ለቅሶ ብንገባ እንኳ ቁጭ ብለን እንወጣለን እንጂ አንቀምስም። ምላሳችን ከሚናገረው ይልቅ በመቅመሱና ባለመቅመሱ ብዙ ያወራል፤ አንዳንዴም ባለቤቱ ሳያዘው።

አዲስ አበባ ግን መቅመስ ሌላ ነገር ሆኗል። ቢራውን እዚያው ጠምቆ እዚያው የሚሸጥ አንድ መጠጥ ቤት አለ፤ ወዳጄ በላይነህ ጠማቂው ነው። የገባችሁ እንደሆነ በተቦረቦረ ጣውላ ላይ ትንንሽ ብርጭቆዎች ደርድረው ያመጡላችኋል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየቀመሳችሁ አስተያየት ትሰጣላችሁ። እኔ ለሁሉም «አሪፍ ነው» አልኩ። በላይነህ ቅር አለው። ኑሮዬ ቃል መደርደር ስለሆነ የተሻለ ቃል ጠብቆ ነበር።

የመጨረሻው ብርጭቆ ላይ ግን «አሪፍ ነው» አልበቃኝም።

የቤልጅግ ዓይነት ጠንካራ ቢራ ነው አለኝ። ቀለሙ የጠቆረ ማር ይመስላል። አፍንጫችሁን ስታስጠጉት በጣም የበሰለ ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ ምጣድ ላይ የረሱት ስኳር። ጠጅ ነው እንዳትሉ ማር የለበትም፤ ጠላ ነው እንዳትሉ ጌሾ የለበትም። ጣፋጭ ሆኖ ይገባል። ጣፋጭ ነው ብላችሁ ስትዘናጉ ምሬቱ ይመጣል። ምሬቱን ስትለምዱት ደግሞ ከሁሉም በኋላ አንድ ሙቀት፣ እንደ ዘገየ ዘመድ ሳያንኳኳ፣ ደረታችሁ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

«ይሄ በጉንጭ አይጠጣም» አለኝ በላይነህ። «ፉት በለው፣ ከዚያ ጠብቀው።»

«መጥመቁ ከባድ ነው?»

«መጥመቁማ ምን አለው! ማጠቡ ነው እንጂ። ሰው ጠማቂ ሲባል ቀኑን ሙሉ የሚቀምስ ይመስለዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ የማደርገው ማጠብ ነው። ታንኩ ውስጥ ታጥፌ ገብቼ እፍቃለሁ። ትንሽ ቆሻሻ ከቀረ ሁሉም ይደፋል።»

እጆቹን አየኋቸው። ውሃ ውስጥ የዋሉ፣ ጣቶቻቸው የተጨማደዱ እጆች ናቸው። እንዲህ ያሉ እጆች ከዚያ በፊት ያየሁት በሴቶች ላይ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

*

አሁን ወደ ጉዳዩ። በላይነህ የዳንግላ ልጅ ነው፤ ይታይሽ የእንጅባራ። አዲስ አበባ ሲማሩ ተዋወቁ፤ እሷ ትምህርቷን ጨርሳ እንጅባራ ከአንዱ ቢሮ ገባች፤ እሱ እዚያው ቀረ። ለመጋባት ወሰኑ። ሽማግሌ ተላከ፤ አጎቱ ጋሽ መኩሪያውና የአጎቱ የዕድሜ ልክ ጎረቤት፣ የዳንግላው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ። የልጅቷ አባት አቶ ዳኘው «ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁ ጋሽ መኩሪያው «ኬሚስት ነው» አሉ። ውሸት አይደለም፤ የተማረው ኬሚስትሪ ነው። አቶ ዳኘው «ዘመድ ላማክር» ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

በመሀሉ ወሬው ደረሰ። ልጁ ጠማቂ ነው።

ጠማቂ! እንደምታውቁት በእኛ አገር ሴት ትጠምቃለች፣ ወንድ ይጠጣል፤ ክፍፍሉን ማን እንደወሰነው ባይታወቅም ወንዶች ቅሬታ አቅርበውበት አያውቁም። ወንድ ልጅ ጌሾ ሲወቅጥ ከታየ ሠፈሩ ወይ እናቱ ታማለች ይላል፣ ወይ እሱ። አቶ ዳኘው በሰው ላኩ፦ በቀጠሯችሁ ኑ፣ መልሴን ስሙ፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዱን እንዳትመላለሱበት። ይታይሽም ለበላይነህ በስልክ ቁርጡን ነገረችው። «እወድሃለሁ። አባቴን አስቀይሜ ግን ከቤት አልወጣም።»

ስለዚህ የቀጠሮው እሑድ የመጨረሻው ዕድል ነበር።

በላይነህ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ጠርሙስ ይዞ ቤቴ መጣ። «ደበቅነው፣ ተገኘብን። አሁን ቢራው ራሱ ሄዶ ይናገር። አንተ ደግሞ ቃል ታውቃለህ፤ አብረህ ሂድና አስረዳ።» እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቢራው ያወጣሁት ቃል «አሪፍ ነው» የሚለው ብቻ መሆኑን ረስቶታል። እሱ በባህሉ መሠረት ወደ ልጅቷ ቤት አይሄድም፤ ዳንግላ አጎቱ ቤት ስልኩን ታቅፎ ቀረ።

*

አዲስ ቅዳምን አልፈን እንጅባራ ስንወርድ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ባጃጅ ያዝንና ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ባጃጁ በየጉድጓዱ ሲዘል ጠርሙሱም ጭኔ ላይ አብሮ ይዘላል። በላይነህ «እንዳትነቀንቀው፤ ውስጡ ያለው እርሾ ገና በሕይወት ነው» ብሎኝ ነበር። መንገዱ ግን አልተነገረውም።

አቶ ዳኘው የቀርከሃ ነጋዴ ናቸው። አጥሩ ቀርከሃ ነው፣ ወንበሩ ቀርከሃ ነው፤ ሰውየው ራሳቸው ቀጥ ያሉ፣ ረጅም፣ በቀላሉ የማይሰበሩ ይመስላሉ። ደጅ ላይ ፈረሳቸው ታስሯል። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እያንዳንዳችንን ስመው፣ መንገዱንና ብርዱን ጠይቀው ወደ ጓዳ ተመለሱ። የጓዳው በር ገርበብ እንዳለ ቀረ። ከውስጥ ዕቃ ሲታጠብ ይሰማል። በበሩ ሥር ደግሞ የአንድ ሰው እግር ጥላ፣ የማይንቀሳቀስ። ይታይሽ ናት።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ዳኘው።

«መቀመጡ ይደርሳል» አሉ ጋሽ መኩሪያው። ቆምን።

«ኬሚስት ነው ብላችሁኝ ነበር።»

«ነው።»

«ጠላ ይጠምቃል አሉኝ።»

«ቢራ ነው» አልኩ እኔ፤ ሥራዬ ይህ መስሎኝ። «የቤልጅግ ዓይነት...»

«በልጅግ ጠመንጃ ነው» አሉ አቶ ዳኘው። «አባቴ ነበራቸው።»

«አገሩም አለ፣ አባቴ። እዚያ አገር እንዲህ ያለውን የሚጠምቁት መነኮሳት ናቸው። ወንዶች ናቸው፣ ያውም የሃይማኖት ሰዎች።» ያሸነፍኩ መሰለኝ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ መንገዱን ሁሉ ሳዘጋጀው የመጣሁት መከራከሪያ ነው።

አቶ ዳኘው ትንሽ አሰቡ። «መነኩሴማ ሚስት የለውም፤ የሚጠምቅለት ስለሌለ ይጠምቃል። ይሄ ልጅ ግን ሚስት ሊያገባ ነው የላካችሁ። ታዲያ እሱ ከጠመቀ እሷ ምን ልትሠራ ነው?»

ሐጂ ሰይድ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ጋሽ መኩሪያው ወደ ጣሪያው አዩ።

መከራከሪያዬ ሲያልቅ እውነቱ ብቻ ቀረኝ። በላይነህ የነገረኝን እንዳለ ነገርኳቸው። ሥራው በአብዛኛው ማጠብ ነው አልኩ። ታንኩ ውስጥ ታጥፎ ገብቶ ይፍቃል። አተላውን ራሱ ተሸክሞ ያወጣል። ለእኔ የጣመኝን እሱ ቀምሶ «አልሆነም» ብሎ በሙሉ ሲደፋው አይቻለሁ፤ ከዚያ እንደገና ማጠብ ይጀምራል።

«ኸረ በሕግ!» አሉ አቶ ዳኘው። «ወንድ ልጅ አተላ ተሸክሞ!»

ጋሽ መኩሪያው በክርናቸው ጎሸሙኝ። ጓዳ ውስጥ የዕቃው መንኳኳት ቆመ።

*

«ለማንኛውም ይዩት» አልኩና የቡሹን ሽቦ ፈታሁት። ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው። ቀሪውን መንገዱ አደረገው።

ቡሹ ጮኾ ኮርኒሱን መታ። ደጅ ያለው ፈረስ አሽካካ። ሐጂ ሰይድ ፈጣሪያቸውን ጠሩ። አረፋው በእጄ፣ በእጅጌዬ፣ በአቶ ዳኘው ወለል ላይ እየወረደ ነው።

«አሁን አመንኳችሁ» አሉ አቶ ዳኘው፣ ካጎነበሱበት ቀና እያሉ። «በልጅግ ነው።»

ጋሽ መኩሪያው ብዙ ነገር ይችላሉ፤ መጠጥ ሲፈስ ማየት ግን አይችሉም። «ወዲህ በለው! ጨረሰው እኮ!» ብለው ነጠቁኝ። ጠረጴዛው ላይ ከተደፉት ብርጭቆዎች አንዱን አነሱ፣ ዘንበል አደረጉት፣ በጠርዙ ቀስ አድርገው ቀዱት። አረፋው ልክ ከአፉ ላይ ቆመ። እጃቸው የተመሰገነ ነው። ዳንግላ ውስጥ ማኅበር ሲያወጡ እንግዳ በር ላይ ተቀብለው የሚያስገቡ፣ ራሳቸው ዞረው የሚቀዱ፣ የሚያጣጡ ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ቀድተው ሳይቀምሱ አቅርበው አያውቁም።

ብርጭቆውን ለአቶ ዳኘው ከመዘርጋታቸው በፊት ጠብ አድርገው በመዳፋቸው ፉት አሉ።

ብርጭቆውን አቶ ዳኘው ፊት አስቀመጡ።

ጣፋጩ ገባ። ምሬቱ መጣ። ሙቀቱ ደረሰ። ሦስቱንም በፊታቸው ላይ በተራ አየኋቸው። አራተኛውን ግን በላይነህም አልነገረኝም ነበር፤ ምን እንዳደረጉ ገባቸው።

«ቀመሱ እኮ፣ አያ መኩሪያው» አሉ አቶ ዳኘው በለስላሳ ድምፅ።

«እጄ ነው... እጄ አምልጦኝ ነው።»

«እጅ ብቻውን አይጠጣም።»

ሐጂ ሰይድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። «አቶ ዳኘው፣ እኔ አልቀመስኩም። ይሄም ልጅ አልቀመሰም። ሽምግልናው ቆሟል።»

«ሐጂ፣ እርስዎማ እዚህ ቤት መቶ ዓመት ቢቆሙ ከዚህ አይቀምሱም፤ የእርስዎ አይቆጠርም። ይሄ ደግሞ» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ «ሽማግሌ አይደለም። ጠርሙስ ይዞ የመጣ ነው።»

የእኔን ነገር እንዲህ ባጭሩ የገለጸው ሰው የለም።

«በሉ አሁን ቁጭ በሉ፣ እንግዶቼ ናችሁ። ቀመስ አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ትከሻቸው የቀለላቸው ይመስላል። እምቢ የሚለውን ቃል ሳይናገሩ ነገሩ አልቆላቸዋል። እንዲህ ያለ ደግ እምቢታ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ መኩሪያው የቀርከሃው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። እኔም ተቀመጥኩ። ሐጂ ሰይድ ብቻ ከዘራቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ቀሩ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። «እሺ፣ ምን አሉ?» አለ በላይነህ። አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ተቋረጠ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኔትወርኩን አመሰገንኩ።

*

ጋሽ መኩሪያው ቀዱልኝ። አሁን ማን ይከለክለኛል? ፉት አልኩ፣ ጠበቅኩ።

አዲስ አበባ ከቀመስኩት ጋር አንድ ነው፣ አንድም አይደለም። ቤቱ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቢራው ከእኔ ይሞቃል። ሙዙና ቅርንፉዱ መንገድ ላይ ትንሽ ደክመዋል፤ ምሬቱ ግን እንዳለ ደርሷል። የታጠፈ ሰው አሰብኩ፣ ጨለማ ታንክ ውስጥ፣ ብሩሽ ይዞ። ያ ሰው ሠርቶ፣ ዘግቶ፣ ወራት ጠብቆ፣ በመጨረሻ ይህችን ጠርሙስ ስለ ራሱ እንድትናገር ወደማያውቀው ቤት ላካት። እኔስ የጻፍኩትን ሁሉ የምልከው ወደማላውቀው ቤት አይደለም? ልዩነቱ እኔ የማልደፋው መሆኑ ነው።

ለአቶ ዳኘው የተቀዳው ብርጭቆ ፊታቸው ቆሟል። አልነኩትም። ሕጉን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። አረፋው ጠርዙን እየለቀቀ ቀስ እያለ ሲወርድ ያዩታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋቢያቸውን የሚያስተካክሉ መስለው፣ ጎንበስ አሉ። አፍንጫ መቼም ቀመሰ አይባልም።

በዚህ መሀል የጓዳው በር ተከፈተና እትዬ ብርቄ ወጡ። እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ ሐጂን ከነመቆማቸው አዩ፣ ጋሽ መኩሪያውን ከነማቀርቀራቸው አዩ፣ ከዚያ ጠርሙሱን።

«ምን ጉድ ነው? በእኔ ቤት እንግዳ ራሱ እየቀዳ ይጠጣል?» አሉና ጠርሙሱን ከጋሽ መኩሪያው እጅ ወሰዱት። «ለሐጂ ሻይ ጥጃለሁ።»

«ሻዩም ይቆየኝ፣ እትዬ» አሉ ሐጂ ሰይድ። «እኔ መልስ አልሰማሁም።»

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። የጎደለ ብርጭቆዬን ሊሞሉልኝ ጠርሙሱን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ ቆም አሉና ጠርሙሱን ወደ መዳፋቸው አዞሩት።

«ብርቄ!» አሉ አቶ ዳኘው።

ፉት አሉ።

እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፣ ከንፈራቸውን አልመጠጡም። የሚያዳምጡ ነው የሚመስሉት። ጣፋጩ፣ ምሬቱ፣ ሙቀቱ፣ የት የት እንደደረሰ ፊታቸው ምንም አልነገረኝም።

«እጇ ነው...» ብለው ጀመሩ አቶ ዳኘው ወደ ሐጂ ሰይድ ዞረው። የጀመሩትን አልጨረሱትም። ሐጂ ሰይድ ከዘራቸውን እያዩ ነበር።

እትዬ ብርቄ እንደገና መዳፋቸውን ዘረጉ፣ እንደገና ጠብ አደረጉ፣ እንደገና ፉት አሉ። የመጀመሪያው የወግ ነው። ለሁለተኛው ግን ምንም ወግ የለም።

«አንተ» አሉኝ፣ «ዕቃውን ራሱ ነው የሚያጥበው ያልከው?»

«ራሱ ነው፣ እትዬ።»

«አተላውንም?»

«አተላውንም።»

አቶ ዳኘው በአገውኛ ፈጠን አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። ጋሽ መኩሪያው ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ይተረጉሙልኝ ብዬ ዞርኩ፤ እሳቸው ግን አፋቸውን ከፍተው እትዬ ብርቄን ያያሉ። እትዬ ብርቄ ጠርሙሱን በብብታቸው ያዙ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተደፉት ብርጭቆዎች አንዱን አነሱ፣ ትንሽ አሰቡና አንድ ጨመሩ። በበሩ ሥር ያለው ጥላ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ገቡ። ከመጣን ጀምሮ ገርበብ ብሎ የነበረው የጓዳ በር ከኋላቸው ተዘጋ።